ወሰን የሚገፋ መሬት

በምዕራብ ሸዋ፣ በሸነን ለነዋሪዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



በአገራችን ሰውን ከሰው ከሚያካስሱ ነገሮች ወሰን ግንባር ቀደሙ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሽምግልና ተቀምጠው የወሰን ጠብ ዳኝተው የማያውቁ አባት ያሉ አይመስለኝም። ከሳሽ «በሌሊት ድንጋዩን ነቅሎ ሁለት ክንድ ገፋብኝ» ይላል፤ ተከሳሽ «ዓይኔን ያጥፋው» ብሎ ይምላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ግን ሁለቱም እውነት ስለተናገሩበት ጊዜ ነው። ድንጋዩ ተገፍቷል፣ የገፋው ግን ሰው አይደለም።

ሚያዝያ 10 ቀን 1898 ዓ.ም. ንጋት ላይ የአሜሪካዋን ሳን ፍራንሲስኮን መሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከተማዋ ከመንቀጥቀጡ የተረፈውን በእሳት አጣች፤ ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል። እኔን የሚገርመኝ ከከተማዋ ወደ ሰሜን ባለው ገጠር የተገኘ አንድ የእርሻ አጥር ነው። ማታ ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረው አጥር ጠዋት ሲታይ መሃሉ ላይ ተቆርጧል። አንደኛው ቁራጭ ከሌላው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን ሄዷል። አልወደቀም፣ አልሰጠመም። ከነእንጨቱ፣ ከነሣሩ ወደ ጎን ተንሸራቷል። ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ የሚባል ሊቅ ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ ለክቶ በ1910 እ.ኤ.አ. ዛሬም ድረስ የምናስተምረውን ሐሳብ አቀረበ። በመሬት ስንጥቅ ግራና ቀኝ ያለው አለት ለብዙ ዘመን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሳባል፤ ስንጥቁ ላይ ግን ተያይዞ አልላቀቅም ይላል። ስለዚህ እንደ ደጋን ይለመጣል። አንድ ቀን መያዣው ይለቃል፤ በመቶ ዓመት የተጠራቀመው በደቂቃ ውስጥ ይፈታል።

ይህን በቃል ብቻ ከምነግራችሁ ብታዩት ይሻላል ብዬ ዕቃ ይዤ መጥቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳንቃ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፌበታለሁ። በላዩ ያለው ሸክላ ጡብ ነው። ጡቡን የሚጎትተው ከብስክሌት ከመነዳሪ የቆረጥኩት ጎማ ሲሆን ጫፉ በዚህች በትር ላይ ተጠምጥሟል። ይህ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በየደቂቃው በትሯን አንድ ዙር ይጠመዝዛል። ከዚያ በላይ አይነካም። ጥምዘዛውን ደግሞ ይቆጥርልናል። ጡቡ አጠገብ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አቁሜያለሁ፤ እሷ ከተማ ናት። ጀምር ልጄ፤ እኛም ወሬያችንን እንቀጥል።

የመሬት ስብራት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መሬት ሲለጠጥ አንዱ ጎን ወደ ታች ይሰምጣል፤ ስምጥ ሸለቆ የምንለው እንዲህ የተፈጠረ ነው። መሬት ሲጨመቅ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ወሰን ገፊው ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ጎን ለጎን ተፋትገው ያልፋሉ። ይህ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ የሚወርድ፣ አንዳንዴም በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነው። ከተማ ስር ወይም ከተማ ዳር ሲያልፍ ከሁሉም የከፋ ጎረቤት ይሆናል።

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ በቱርክ የሆነውን አስቡ። የቱርክ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ ሰዓቱን መተርጎም አያስፈልገኝም፤ እኛ ተኝተን በነበረበት ሰዓት እነሱም ተኝተው ነበር። ምሥራቅ አናቶሊያ የሚባለው ስብራት በካህራማንማራሽ አካባቢ ለቀቀ። መጠኑ 7.8 ነበር። የተቀደደው መስመር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከአምቦ ተነሥቶ አዲስ አበባን አልፎ አዋሽ ድረስ ሄዶ እንደማለት ነው። በአንዳንድ ቦታ መንገድና የባቡር ሐዲድ በሜትሮች ወደ ጎን ተቆርጦ ታየ። ሰው ፍርስራሽ እየቆፈረ ሳለ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ፣ አጠገቡ ያለ ሌላ ስብራት በ7.5 ደገመ። በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ በሶርያም ሺዎች አለቁ።

«ይህ ከሸነን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘው አፋር ነው።

የመሬት ቅርፊት አንድ ወጥ ገበቴ አይደለም፤ በትልልቅ ፕሌቶች የተከፋፈለ ነው። አፋር ላይ ሦስት ፕሌቶች ይለያያሉ፤ እኛ ያለንበት የኑቢያ፣ ወደ ሐረርና ሶማሌ ያለው የሶማሊያ፣ ከባሕሩ ማዶ ያለው የአረቢያ። የሶማሊያው ከእኛ የሚርቀው በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አራት አምስት ፍሬ ጤፍ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር የሚይዘውን ያህል። አረቢያ ፈጣን ናት፤ በዓመት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ትሄዳለች። ከሥሯ ትኩስ አለት ወደ ላይ ይገፋል፣ ከፊቷም በኢራን በኩል የሚሰምጠው የቅርፊት ጠርዝ ይስባታል። ታዲያ ከእኛ ስትርቅ ባዶ ቦታ ላይ አይደለም የምትሄደው። ወደ ሰሜን ሄዳ ከእስያና ከአውሮፓ ፕሌት ጋር ትላተማለች። ቱርክ በሁለቱ መሃል አለች። የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣት ሲጫኑት ወደ ጎን እንደሚያመልጥ፣ ቱርክም ወደ ምዕራብ ታመልጣለች። የምታመልጥባቸው ሁለት ጠርዞች ወሰን ገፊ ስብራቶች ናቸው፤ አንዱ የካህራማንማራሹ ነው።

ስለዚህ እኛ ዘንድ በሩ ሲከፈት እዚያ ማዶ ሰው በበሩና በግድግዳው መካከል ይጣበቃል። እኔ ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ ነበር።

ወሰን ገፊው ግን እኛም ቤት አለ። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ሰርዶ ነው።

ሰርዶ በአፋር፣ ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ሰፈር ናት። ቅዳሜ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. መጠኑ 6.2 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ መታት። ከሳምንት በኋላም ሌላ ብርቱ ደገማት። ሰርዶ ከሞላ ጎደል ጠፋች። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ቁጥሩ ለከተማ ሰው ትንሽ ይመስል ይሆናል። ጥቂት መቶ ሰው ብቻ በሚኖርባት መንደር ግን ለቅሶ ያልተቀመጠ ቤት አልነበረም ማለት ነው። የገደለው ደግሞ መሬቱ አይደለም፤ የድንጋይ ግድግዳ ነው። በአፋር የሰሌን ቤት ውስጥ ተኝቶ በመንቀጥቀጥ የሚሞት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቤቱ ቢወድቅበት አራግፎ ይነሣል።

የሰርዶው ስንጥቅ መሬት ላይ ታይቷል። ከወዲህ ቆማችሁ ማዶውን ብታዩ ማዶው ወደ ግራችሁ ሄዷል። ተሻግራችሁ ዞር ብላችሁ ብታዩም አሁንም ማዶው ወደ ግራችሁ ሄዷል። እዚህ ላይ ነው ሽማግሌ የሚቸገረው። በሁለቱም ወገን ያሉ ባለእርሻዎች «ያኛው ወደ ግራዬ ሄደ» ብለው ይከሳሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በሙያው ግራ ተንሸራታች ይባላል።

አፋር የሚለጠጥ አገር ከሆነ ወሰን ገፊው ከየት መጣ? ይህን ለመመለስ ሊቃውንቱ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። የቀይ ባሕር ስንጥቅ የብስ ላይ ወጥቶ በአፋር በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቅ ደግሞ በጅቡቲ በኩል ገብቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይመጣል። ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠሙ ነገሩ ቀላል ነበር። አይገጣጠሙም፤ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። በሁለቱ መካከል የቀረው መሬት ከዚህም ከዚያም ሲሳብ ተቆራርጦ በረጃጅም ቁራጮች ይዞራል። መደርደሪያ ላይ የቆሙ የመማሪያ መጻሕፍት አንዱ ጫፍ ሲገፋ ሁሉም አብረው ዘመም ይላሉ። ያን ጊዜ የአንዱ ሽፋን በሌላው ሽፋን ላይ ይንሸራተታል። የሰርዶ ስብራት በሁለት መጻሕፍት ሽፋን መካከል ያለው መፋተጊያ ነው። መጽሐፎቹ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ፣ መፋተጊያው ግራ ተንሸራታች ይሆናል። ሊቃውንቱም ስሙን ከመጽሐፍ መደርደሪያ ነው የወሰዱት።

ሰርዶን ጨምሮ ስለ አገራችን መንቀጥቀጥ የምናውቀው አብዛኛው የመጣው በአንድ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ጽናት ነው። አባ ፒየር ጉዌን በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። በኋላም ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻ፣ ከመሣሪያ መዝገብ ሰብስበው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተሙ። ሳን ፍራንሲስኮ በተመታችበት በዚያው በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ 19 ቀን በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ብርቱ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ማናወጡ እዚያ ተመዝግቧል። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ ማፈራረሱም አለ። እነዚህ ሁለቱ ግን…

ይኸው! ዘለለ። አያችሁት? ጠርሙሷም ወደቀች። ስንተኛው ጥምዘዛ ነበር ልጄ? አሥራ አንደኛው። ጻፈው። አሥር ጊዜ ሲጠመዝዝ ጎማው ተወጠረ እንጂ ጡቡ ንቅንቅ አላለም። በአሥራ አንደኛው የጨመረው ኃይል ከአሥሩ አንዳቸውንም አይበልጥም። አንሡልን ጠርሙሷን፤ ደግነቱ ክዳኗ አልተከፈተም።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ የላንጋኖውም የካራቆሬውም በስምጥ ሸለቆው የሚለጠጥ መሬት የመጡ ናቸው። የለጠጣና የፍትጊያ ልዩነት መጠኑ ላይ ይታያል። በስምጥ ሸለቆው ሥር ቅርፊቱ ቀጭንና ትኩስ ነው። የሚሰበረው ደረቅ ክፍል ቀጭን ስለሆነ አንድ ጊዜ የሚለቀው ገጽ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ቅልጥ አለት ራሱ እየገባ ክፍተቱን ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር መሬቱ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቶ ቅልጥ አለት ሲገባበት፣ ከመንቀጥቀጦቹ አንዱም 6 አልደረሰም። ቱርክ ግን ቅርፊቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ነው፣ መስመሩም ረጅም። ሲለቅ ሁሉም አብሮ ይለቃል።

ቁጥሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ሬዲዮኖቻችን «በሬክተር ስኬል» ማለት አልተዉም፤ ባለሙያዎች ያንን መለኪያ ከተዉት ቆይተዋል። እኔ በቃሉ አልጣላም። የሚያናድደኝ 7 ከ6 በአንድ ብቻ የሚበልጥ ተደርጎ ሲወራ ነው። አንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ በ32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። የቱርኩ 7.8 ከ6.0 ጋር ሲነጻጸር 500 እጥፍ ያህል ነው።

6.0ን የመረጥኩት ስለቀመስናት ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ አላርፍ አለ። ቅልጥ አለት ከሥር እየሰነጠቀ ይጓዝ ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሣ። የካቲት 7 ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ 6.0 ሲመታ እኔ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የብፌው ብርጭቆ ነው፤ ጥርስ እንደሚንገጫገጭ። ቀጥሎ አምፖሉ ረጋ ብሎ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረ። እህቴ «ማነው የሚገፋን?» አለች። ደረጃው በጋቢና በሌሊት ልብስ ተሞላ፤ አንዲት እናት የአልጋ ልብስ ውስጥ ሕፃን ጠቅልለው፣ በሌላ እጃቸው ቴርሞስ ይዘው ወረዱ። እኔ ሳስተምር «ስትናወጡ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ደረጃ ላይ አትሩጡ» እላለሁ። ያን ሌሊት ከሁሉ ቀድሜ ሜዳ ላይ የተገኘሁት እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው የነገርኳችሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ምዕራብ ሸዋ ከስምጥ ሸለቆው ውጭ፣ ከፍታው ላይ ነው። ስለዚህ «እኛን አይመለከተንም» ይባላል። የአምቦን ውኃ የሚጠጣ ሰው ግን እንዲህ ማለት ያለበት አይመስለኝም። አምቦ ፍል ውኃ ዋና የገባችሁ ታውቃላችሁ፤ ከሥር አረፋው ድርድር ብሎ ይወጣል። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ የምንሸጠው ያ ጋዝ ዝናብ ይዞት የመጣ አይደለም። ከጥልቅ፣ ከቅልጥ አለት የሚለይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ወደ ላይ የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል፤ በሩም ስብራት ነው። ከአዲስ አበባ ምሥራቅ ካለው ከየረር ተነሥቶ፣ በወጨጫ፣ በአምቦ አድርጎ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል የሚደርስ የእሳተ ገሞራና የስብራት መስመር አለ። ጂኦሎጂስቶች የየረር–ቱሉ ወለል መስመር ይሉታል። ስምጥ ሸለቆው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄድ ይህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይቆርጣል። የደንዲ ሐይቆች፣ ፈረስ ተከራይታችሁ የምትወርዱት የወንጪ ሐይቅ፣ የተኙት በዚህ መስመር እሳተ ገሞራዎች አናት ላይ ነው። እቴጌ ጣይቱ የወደዱት የፊንፊኔ ፍል ውኃም ስብራት ተከትሎ ነው የሚወጣው።

ብዙዎች እንደሚሉት መስመሩ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ የቆመችበት ጥንታዊ አለት ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ከቁርጥራጭ ሲሰፋ የቀረ ስፌት ነው፤ ኋላ እሳተ ገሞራው ቀላሉን መንገድ ተከትሎ ወጣበት። አሮጌ ስፌት ደግሞ ሁልጊዜ አይተኛም። ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን፣ ከጁባ ብዙም ሳይርቅ፣ መጠኑ ከ7 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሣ። አስዋ የሚባል፣ ከዳይኖሰሮች ዘመን በጣም የሚቀድም ስብራት ነበር የለቀቀው፤ እሱም ወሰን ገፊ፣ እሱም ግራ ተንሸራታች። አካባቢው ሰው የሳሳበት ስለነበር ዓለም ቶሎ ረሳው። እኔ የማልረሳው አሮጌ ስፌት ሊነቃ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

አምቦ ነገ ትናወጣለች እያልኩ አይደለም። ማንም እንዲህ ብሎ ቀን የሚቆርጥ ካለ፣ በቴሌግራምም ይሁን በመድረክ፣ አትመኑት። የምላችሁ ስለ ቤት ነው።

የጭቃ ቤት በሸነን እንደ ድህነት ምልክት እየታየ ነው። እኔ ግን ከመንቀጥቀጥ ጎን ሳየው አከብረዋለሁ። ማገሩ በወጉ የታሰረ፣ ጭቃው በጭድ የተቦካ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ሲናወጥ ይላወሳል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ አይደረመስም። እግሩን ምስጥ ከበላው ግን ሌላ ነው። የሚያሰጋኝ አሁን በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሚበቅለው ነው። ምድር ቤቱ ሱቅ እንዲሆን ግድግዳ የለውም፣ በቀጫጭን ኮለን ብቻ ቆሟል፤ በላዩ ብሎኬት የተሞላ ሁለት ፎቅ። ሲናወጥ ከላይ ያለው እንደ ሣጥን ይቆማል፣ እግሩ ይታጠፋል። ቱርክ ውስጥም የብዙ ሕንፃዎች ሞት እንዲህ ነበር።

በቅርቡ አንድ እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲሠራ ቆሜ አየሁ፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ፌሮ አሳሪው የኮለኑን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈውን ስታፋ ከታች እስከ ላይ እኩል በክንድ እየለካ ያስራል። «ጫፍና ጫፉ ላይ ለምን አታቀራርበውም?» አልኩት። ኮለን የሚሰበረው ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ነውና፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ኮድ ስምንተኛ ክፍልም ስለ መንቀጥቀጥ ብቻ የተጻፈ ነበር። ሰውየው ወደ ባለቤቱ ዞሮ «ጋሼ፣ ስንት ፌሮ ተረፈ?» አለ። ባለቤቱ እኔን አየኝ፣ ፌሮውን አየ፣ «እስቲ አቀራርበው» አለ። ጭማሪው በአንድ ኮለን ጥቂት ቁራጭ ነው። ፎቅ ለማይሠራው ደግሞ የብሎኬቱ ቤት አናት ላይ ዙሪያውን የሚያስር ቶፕ ታይ ቢም ይኑረው። ቅርጫት ያለ አፍ ጠርዙ እንደማይጸና የምታውቁት እናቶች ለባሎቻችሁ አስረዱልኝ።

ጊዜዬ አልቋል፤ ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ። አባባ፣ እጅዎን አይቻለሁ፣ ከእርስዎ እጀምራለሁ። አንተ ልጄ ግን ጡቡን ቦታው መልሰህ፣ ጠርሙሷን አቁመህ፣ እንደገና በየደቂቃው መጠምዘዝ ጀምር። ቅድም በአሥራ አንደኛው ነበር። አሁን በስንተኛው ይሆን?